ዶሮና ሕፃን በአንድ ጣራ ሥር
በደቡብ ኦሞ ዞን በኛንጋቶም ወረዳ በካንጋተን ከተማ ለወላጆች፣ ለአገር ሽማግሌዎችና ለመንግሥት ሠራተኞች የተነገረ ዲስኩር



ስለ ላም ወይም ስለ ፍየል ለመናገር መጥቼ ቢሆን ኖሮ፣ ከኦሞ ወንዝ ዳር እስከ ኪቢሽ ድረስ ከብቱን በቀለሙና በቀንዱ እየለየ በሚያውቅ ሕዝብ ፊት በአስተማሪነት መቆሜ ድፍረት በሆነብኝ ነበር። የመጣሁት ግን ከሀብት ሁሉ ታናሽ ስለ ሆነችው፣ ለጥሎሽ ስለማትቆጠረው፣ ሽማግሌዎች ለምክር ሲቀመጡ ስሟ ስለማይነሣው ስለ ዶሮ ልናገር ነውና፣ የርእሴ ታናሽነት ድፍረቴንም እንደሚያሳንስልኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ቃሌን ወደ ኛንጋቶም ቋንቋ የሚያሻግርልኝ ወንድሜም፣ ዓረፍተ ነገሬ በረዘመበት ጊዜ ባሻው ቦታ ቆርጦ ትንፋሹን እንዲሰበስብ ከወዲሁ ፈቅጄለታለሁ።

ይህን ርእስ እንድመርጥ ያደረገኝ ጊዜው ነው። በ2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ተበሥሮ ወደ አገሪቱ ማዕዘናት የተዳረሰው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር፣ ወተትንና ማርን፣ ሥጋንና እንቁላልን ወደ እያንዳንዱ ቤት ለማድረስ በተነሣ ጊዜ፣ እስከዚያ ድረስ ጭራ አዳሪ የነበረችውን ዶሮ የልማት ባለሟል አድርጓታል። ከዚህም ቀደም ብሎ በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም. በታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን፣ ዕድሜያቸው ሁለት ዓመት ካልሞላ ሕፃናት መካከል መቀንጨርን እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት መንግሥት ቃል ገብቷል። አንደኛው መርሐ ግብር ጫጩት ያድላል፣ ሁለተኛው የሕፃንን ቁመት ይለካል፤ ሁለቱም ደጋግ አሳብ ይዘው ወደ አንዲት ጎጆ ይገባሉ። ነገር ግን በዚያች ጎጆ ወለል ላይ ጫጩቱና ሕፃኑ ምን እንደሚያደርጉ ጠይቆ የሚያውቅ ሠራተኛ ከሁለቱም ወገን ብዙ አላየሁም፤ ዛሬ የማመለክታችሁም ይህንኑ ነው።

መቀንጨር ሲባል ሕፃኑ ለዕድሜው ከሚገባው ቁመት በታች መሆኑ ነው። በአገራችን በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ አምስት ዓመት ካልሞላቸው ሕፃናት ከመቶው 58ቱ ቀንጭረው ተገኝተው ነበር። በ2008 ዓ.ም. ቍጥሩ ወደ 38፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 37 ወርዷል። የመጀመሪያው መውረድ የሚያስደስት፣ የኋለኛው ቀርፋፋነት የሚያሳስብ ነው። ለመቀንጨር የምግብ ማነስ ዐቢይ ምክንያት መሆኑን ማንም አይክድም፤ ሆኖም ሊቃውንቱን ካስቸገሩ እንቆቅልሾች አንዱ፣ በቂ ይበላል የሚባለውም ሕፃን ሳያድግ መቅረቱ ነው። የዚህም ፍቺ በከፊል የተገኘው ከአንጀት ነው። ሕፃኑ ዕለት ዕለት ከአፈርና ከኩስ ጋር ተሐዋስያንን ሲውጥ፣ ብርቱ ተቅማጥ ባይዘውም እንኳ፣ ምግብን የሚመጥጠው የአንጀቱ ውስጠኛ ሽፋን እየተቈጣና እየሳሳ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ የበላው ምግብ ከፊሉ ሥጋ ሳይሆነው ያልፋል፣ የቀረው ደግሞ ቁስሉን ለመጠገንና ደዌውን ለመመከት ይውላል። እናት ታበላለች፣ አንጀት አይቀበልም።

ስለዚህ ጉዳይ በባንግላዴሽ፣ በኬንያና በዚምባብዌ ታላላቅ ሙከራዎች ተደርገው፣ ውጤታቸው እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2019 ታትሟል። ለቤተ ሰቦች መጸዳጃ ቤት ተሠራ፣ የእጅ መታጠቢያ ተሰጠ፣ የመጠጥ ውሃቸውም በመድኃኒት ተጣራ፤ ሕፃናቱ ግን በዚህ ብቻ በቁመት አልጨመሩም። ለምን ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ፣ ሥራው ሁሉ የሰውን ዓይነ ምድር ሲያሳድድ በቤቱ ውስጥና በደጃፉ የሚንከላወሰውን የእንስሳትን ኩስና ፋንድያ ችላ ማለቱ ነው። ለጤና ኤክስቴንሽን እኅቶቻችን ይህ ነገር ቅር የሚያሰኝ ሊሆን ይችላል፤ መጸዳጃ ቤት ቁፈሩ እያሉ በፀሐይ የተንከራተቱት እነርሱ ናቸውና። ድካማቸው ከንቱ ነበር ለማለት አይደለም፤ አንዱን በር ዘግተው ሳለ ሌላው ክፍት መቅረቱን ለማሳየት ነው።

በዚህ በሌላው በር ከሚገቡት ተሐዋስያን አንዱ ካምፒሎባክተር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1886 ጀርመናዊው የሕፃናት ሐኪም ቴዎዶር ኤሼሪክ፣ በተቅማጥ በሞቱ ሕፃናት አንጀት ውስጥ ጠመዝማዛ ተሐዋስያንን አይቶ ጽፎ ነበር፤ ዛሬ የምናውቀው ካምፒሎባክተር እንደ ሆነ ይታመናል። ይሁን እንጂ ነገሩ ዘጠና ዓመት ያህል ተዘንግቶ ቆይቶ፣ እንግሊዛዊው ሐኪም ማርቲን ስኪሮ እ.ኤ.አ. በ1977 ካምፒሎባክተር የታወቀ የተቅማጥ ምክንያት መሆኑን እስካሳየ ድረስ ብዙዎች ሐኪሞች ስሙን አያውቁትም ነበር። ይህ ተሐዋሲ ከሁሉ የሚስማማው ሙቀት 42 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የዶሮም ሰውነት ሙቀት ከዚያው ይጠጋልና፣ የዶሮ አንጀት ለእርሱ የተዘጋጀ ማደሪያ ሆኖለታል። ጨርሶ የሚያታልለውም ዶሮዋን አለማሳመሙ ነው። ላባዋ ያበራል፣ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ትጭራለች፣ ኩሷ ግን በብዙ ሺህ የሚቈጠር ተሐዋሲ ይዞ ይወድቃል፤ ሰውን ለማሳመም ደግሞ ጥቂት መቶ ያህሉ ይበቃል። ከእርሱም ጋር ሳልሞኔላና ኢ. ኮላይ አብረው ይኖራሉ።

ኩስ እንዴት ወደ ሕፃን አፍ ይገባል ለሚል ሰው መልሱን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ሰጥተዋል። በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ፣ ዶሮ ተለቆ በሚውልባቸው የድኾች መንደር ቤቶች ውስጥ ተመራማሪዎች ከጧት እስከ ማታ ቁጭ ብለው ታዳጊ ሕፃናትን ተከታትለው፣ አንድ ሕፃን በ12 ሰዓት ውስጥ በአማካይ አራት ጊዜ ያህል የዶሮ ኩስ የነካውን እጁን ወደ አፉ እንደሚያደርስ እ.ኤ.አ. በ1990 አስታውቀዋል፤ ካምፒሎባክተርም በወደቀው ኩስ ውስጥ እስከ 48 ሰዓት ሕያው ሆኖ እንደሚቆይ አሳይተዋል። በዚምባብዌ ገጠር ደግሞ አንድ ግራም የዶሮ ኩስ የዋጠ የአንድ ዓመት ሕፃን በሚሊዮኖች የሚቈጠር ኢ. ኮላይ እንደሚውጥ ተሰልቷል። ሩቅ አገር ነው እንዳትሉኝ፣ በራሳችን በምሥራቅ ሐረርጌ በሐረማያ ወረዳ፣ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲና የውጭ አገር ባልደረቦቹ አንድ ዓመት ገደማ የሆናቸውን 102 ሕፃናት መርምረው፣ ከእኩሌቶቹ ዓይነ ምድር ውስጥ ካምፒሎባክተርን አግኝተዋል፤ ከመቶው 41ዱ የቀነጨሩ ነበሩ።

እኔም በዚህ ሰሞን በከተማይቱ ዳር ባለ አንድ ቤት ጥላ ሥር ተቀምጬ ያየሁትን ልጨምር። አሥር ወር የሚሆነው ሕፃን በፍየል ቁርበት ላይ ተቀምጦ የማሽላ ንፍሮ በጣቱ እየለቀመ ይበላል። አንዲት ቀይ ዶሮ ከስድስት ጫጩቶቿ ጋር ከጎጆው ጨለማ ወጥታ በቁርበቱ ጫፍ ተሻገረች፣ የወደቀውን ፍሬ ለቀመች፣ ከሄደች በኋላ በቁርበቱ ላይ ከቴምብር የማይበልጥ እርጥብ ነጭ ነገር ቀረ። ሕፃኑ መዳፉን አሳረፈበት፣ ያንኑ እጁን ወደ ንፍሮው፣ ከንፍሮውም ወደ አፉ መለሰ። ይህ ሁሉ ሲሆን እናቲቱ ሦስት ርምጃ ያህል ርቃ፣ ከጀሪካን ውሃ እየቀዳች እጇን በአመድ ትታጠብ ነበር። ይህን የምነግራችሁ እናቲቱን ለመንቀፍ አይደለም፤ ንጹሕ ሴት ነበረች፣ የተማረችውንም ሁሉ ፈጽማለች። በሽታው የሚመጣው በእርሷ እጅ ሳይሆን በዶሮዋ እግር ስለ ሆነ፣ እጇን ሺህ ጊዜ ብትታጠብ አያግደውም።

ይህ የቆላ ነውር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በደጋው አገርም ቢሆን ብዙው ገበሬ ቆጡን የሚሠራው ከቤቱ ውስጥ ነው፤ ሸለምጥማጡና ሌባው እንዳይወስዱበት ዶሮዎቹን ከልጆቹ ራስጌ ያሳድራል። በመሥሪያ ቤት ተመድበን ወደዚህ የመጣን የደጋ ሰዎችም ይህንኑ ልማድ ከሻንጣችን ጋር ይዘን መጥተናል።

እንግዲህ ዶሮይቱን እናባርራት ወይ የሚል ቢኖር፣ እኔ ከዚያ አሳብ የራቅሁ ነኝ። ዴሪክ ሄዲና ካሌ ሂርቮነን የተባሉ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ ገጠር የተሰበሰበን ሰፊ መረጃ አገላብጠው እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጽሑፍ ሁለት ነገር አንድ ላይ አግኝተዋል። ይኸውም ዶሮ ባላቸው ቤቶች ያሉ ሕፃናት በቁመት የተሻሉ ሲሆኑ፣ ዶሮው ከሰው ጋር በአንድ ቤት በሚያድርበት ግን ጥቅሙ በጉዳት ይሸረፋል። ዶሮ ለሕፃን ትበጀዋለች፤ አብራው ስታድር ግን ትጎዳዋለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለው የአበው ምሳሌ ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

ጥቅሟም ጥቅም እንዲሆን እንቁላሉ ከሕፃኑ አፍ መድረስ አለበት። በ2008ቱ ጥናት ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ካሉት የአገራችን ሕፃናት የተመጣጠነ ዓይነት ያለው ምግብ የሚያገኙት ከመቶው 14ቱ ብቻ ነበሩ፤ እንቁላሉ ወደ ገበያ ሄዶ ስኳርና ጨው ሆኖ ይመለሳል። በኢኳዶር በተደረገ ሙከራ፣ ለስድስት ወር ያህል በቀን አንድ እንቁላል የተመገቡ ሕፃናት መቀንጨራቸው በእኩሌታ ገደማ ቀንሶ ታይቷል፤ በማላዊ የተደረገው ግን እንዲህ ያለ ውጤት አላሳየምና፣ እንቁላል ብቻውን መድኃኒተ ኵሉ ነው ብዬ አልሰብክም። ከእኛ ከደጋ ሰዎች መካከል በጾም ወራት ዕቃው ይረክሳል እያሉ ለሕፃን እንቁላል ከመቀቀል የሚታቀቡ እናቶች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ሰባት ዓመት ያልሞላው ሕፃን እንዲጾም ቤተ ክርስቲያን አታስገድድምና፣ ለሕፃኑ አንዲት ድስት ለይቶ ማስቀመጥ ነገሩን ይፈታዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ወደ ዶሮው ማደሪያ ልመለስ፤ በዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ ታገሡኝ፣ የሚሳሳቱበት ብዙዎች ናቸውና። በዚያው በሊማ፣ ዶሮዎቹን በአጥር ውስጥ ብንከት ሕፃናቱ ይድናሉ ተብሎ ለቤተ ሰቦች በረት ተሠራላቸው፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2006 ሲታተም፣ በረት በተሠራባቸው ቤቶች ያሉ ሕፃናት ከካምፒሎባክተር የሚመጣው ተቅማጥ በሌሎቹ ቤቶች ካሉት ሁለት እጥፍ ያህል አግኝቷቸው ታየ። ለዚህም የተሰጠው ግምት፣ በሰፊ ግቢ ተበትኖ የነበረው ኩስ በጠባብ ቦታ ሲከማች፣ ሕፃናቱም ከጫጩቶቹ ጋር ለመጫወት ወደዚያው ሲገቡ፣ መርዙ በረታ የሚል ነው። ስለዚህ ክፉ በረት ከበረት አልባነት ይከፋል። ሕፃን የሚገባበት የዶሮ ቤት የዶሮ ቤት አይባልም።

መልካሙን የዶሮ ቤት አሠራር ለማስተማር ግን ከአዲስ አበባ መሐንዲስ ማምጣት አያስፈልግም። እናንተ የዘራችሁትን ማሽላ ከምስጥና ከአይጥ ለማዳን በእንጨት እግር ላይ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ጎተራ የምትሠሩ ጥበበኞች ናችሁና፣ ያንኑ ጥበብ ለዶሮ ማዋል ብቻ ይበቃል። ከመሬት እስከ ሰው ወገብ ከፍ ያለ፣ ወለሉ ከቀጫጭን ዘንግ የተደረደረ፣ በዘንግና በዘንግ መካከል ኩሱ ወደ ታች የሚወርድበት የጣት ስፋት ያለው፣ ግድግዳው ነፋስ የሚያሳልፍ፣ ጣራው በሣር የተከደነ ትንሽ ጎጆ ነው የምለው። ጭቃ አትለስኑት፤ የዚህ ቆላ ሙቀት በታፈነ ቤት ውስጥ ዶሮን ይፈጃል። ከወለሉ በታች ያለው ቦታ፣ ሰው ሁሉ የሚዘነጋው እርሱ ስለ ሆነ፣ ለፍየል በረት በምትጠቀሙበት እሾህ ይታጠር። በየጧቱም ሕፃኑ ከእንቅልፉ ሳይነሣ፣ ዐዋቂ ሰው ለዚሁ በተለየ መጥረጊያ ጠርጎ ኩሱን ከቤት አርቆ ፀሐይ ላይ ይበትነው። ካምፒሎባክተር ድርቀትን አይችልም፤ በጎጆ ጥላና እርጥበት ውስጥ የሚሰነብተው ተሐዋሲ በካንጋተን የቀትር ፀሐይ ፊት ይሞታል፤ ይህች ፀሐይ በሌላው ነገር የምታስመርረን ብትሆንም በዚህ ረገድ ወዳጃችን ናት። መጥረጉን ለትንንሽ ልጆች አትስጡ፤ እንቁላል መሰብሰቡንም እንዲሁ፤ ዶሮ የነካ እጅ በሳሙና፣ ሳሙና ከሌለ በአመድ ይታጠብ።

ቀን ቀንስ? ዶሮን ቀኑን ሙሉ መዝጋት ለእርሷ መኖ ገዝቶ ማቅረብ ማለት ስለ ሆነ፣ ማሽላው ለሰውም ባልበቃበት ዓመት እንዲህ ብዬ አልመክርም። ትሰማራ። ነገር ግን ዶሮ የምትውለው ፍሬ በተበተነላት ቦታ ነውና፣ በደጃፍ፣ ሕፃኑ በሚቀመጥበት አትበትኑላት፤ ከግቢው ዳር ወስዳችሁ በትኑ። ለሕፃኑም የራሱ ቁርበት ይኑረው፣ ሲነሣ ተራግፎ ከግድግዳ ላይ ይሰቀል። የውሃው ቅል ይከደን።

ከብት ተከትሎ ወደ ኪቢሽ ሣር የሚወጣ ሰው ቤት ተሸክሞ አይሄድም የሚል ተቃውሞ ትናንት ከአንድ ሽማግሌ ሰምቻለሁ፤ እውነታቸውን ነው። ከሚንቀሳቀሰው ወገን ጋር ዶሮ ቢሄድ እንኳ ከቀጭን ዘንግ ተጠልፎ በአህያ የሚጫን ቅርጫት ይበቃዋል፤ ዋናው የዶሮ ቤት ግን በወንዙ ዳር ከሚቀሩት ሴቶች፣ ሕፃናትና አረጋውያን ዘንድ ይሠራ። ሌባና አውሬ የሚሉትን ደግሞ፣ ቤቱን ከእናቲቱ መኝታ ግድግዳ በውጭ በኩል አስጠግቶ፣ ደጁን ወደ ግቢው መሐል አዙሮ በመሥራት ማቃለል ይቻላል፤ ሸለምጥማጥ ሲመጣ የዶሮዎቹ ጩኸት ከጆሮዋ አጠገብ ይሆናልና።

ለመንግሥት ሠራተኞች ወንድሞቼ የምነግራችሁ ከዚህ ይለያል፤ ትንሽም ይመርራል። ጫጩት የሚያድለው የግብርናው ጽሕፈት ቤት ነው፤ በተቅማጥ የደከመውን ሕፃን የሚቀበለው ጤና ጣቢያው ነው፤ የዶሮ ቤት ግን የማንም ሥራ አይደለም። በዓመቱ መጨረሻ በሚጻፈው መግለጫ ይህን ያህል ጫጩት ተሠራጨ ይባላል፤ ይህን ያህል ጫጩት ከሕፃን ተለይቶ አደረ የሚል መስመር ግን አላየሁም። እኔ የምለው፣ ማደሪያ ሳይሠራ ጫጩት አይሰጥ። ሁለቱ ጽሕፈት ቤቶች አንድ አንድ ሰው አውጥተው፣ የዶሮ ቤቱን በዓይናቸው አይተው፣ ከታች መታጠሩን በእጃቸው ነክተው ካረጋገጡ በኋላ ጫጩቱ ይምጣ። ሥርጭቱ ይዘገያል፣ ቍጥሩም ያንሳል፤ ከዞኑ ከተማ ከጂንካ የሚመጣው አለቃ ቢቆጣ ምክንያቱን ንገሩት።

የፈንግል ነገር ደግሞ ሳይነሣ አይታለፍም፤ ዶሮዎቹ በአንድ ሳምንት ካለቁ ለባዶ ቤት የሚደክም ሰው የለምና። ፈንግል በቫይረስ የሚመጣ በሽታ ስለ ሆነ፣ ብዙዎች እንደሚያደርጉት ለሰው የተሠራውን የቴትራሳይክሊን ክኒን ፈተው በዶሮ አፍ ቢያፈሱ አይፈውሰውም፤ እንዲያውም መድኃኒቱ ለሰው ባስፈለገ ጊዜ ተሐዋስያኑ ለምደውት እንዲቆዩ ያደርጋል። ፈንግልን የሚከላከለው ክትባት ነው፤ ሙቀትን የሚችል፣ በዓይን ጠብታ የሚሰጥ ዓይነትም አለውና፣ ማቀዝቀዣ ብርቅ በሆነበት በዚህ አገር እርሱን መጠየቅ ይገባል። የሞተውን ዶሮ ሕፃናት እንዳይጫወቱበት ቅበሩት ወይም አቃጥሉት።

ክትባቱ እንዴት እንደሚጠበጥና በስንት ጊዜ እንደሚደገም የእንስሳት ጤና ባለሙያው አሁን በተግባር ያሳያችኋል። ዶሮ ይዛችሁ የመጣችሁ ከአዳራሹ በስተ ጀርባ ባለው ሜዳ ተሰለፉ፤ ሕፃን ያዘላችሁ እናቶች ግን በዚህ በዛፉ ጥላ በኩል ቆዩ፣ ዶሮዎቻችሁን ባሎቻችሁ ይያዙላችሁ።